ለመቶ ሰው ማጣጣሚያ በጥቂት ወጪ

(ለንባብ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጣፋጭ ነው። ከመካከላችሁ «ስለ እህልና ስለ ጤና መነጋገር ሲገባ ጣፋጭ ምን አመጣው? ጣፋጭ የልጅ ነገር አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ፣ ይኸ ትንሽ የሚመስል ነገር ከእህልም፣ ከጤናም፣ ከብድርም፣ ከጉርብትናም ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አብረን እናያለን።

ሊጥ ማቡካት፣ ቆሎ መቁላት፣ እሳት መመጠን እናቶቼ ከእኔ በብዙ እጥፍ ያውቃሉ። ስለዚህ ሙያ ላስተምር አልቆምኩም። ይዤ የመጣሁት ሚዛንና ስሌት ነው። ያነበብነውንና የቆጠርነውን ለጓዳ ሥራ ካላዋልነው ትምህርታችን ከደብተር አያልፍም።

ችግሩ ምን ላይ ነው?

በሰፈራችን የጋራ ማዕድ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። የምንጭ ጠረጋ ሲያልቅ፣ የመንገድ ጥገና ሲፈጸም፣ ልጆች የዓመቱን ትምህርት ሲዘጉ እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ቤት የአቅሙን ይዞ ይመጣል። አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ወጥ፣ አንዱ ጠላ ወይም ብርዝ ያቀርባል። ይኸ የቆየ ልማዳችን ነው። ሰው ሲሞትበት ጎረቤት እዝን ይዞ ይሄዳል። ደቦ የተጠራም ጉልበቱን ይዞ ይወጣል። አብሮ መብላትን ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማረንም።

ነገር ግን «የአቅሙን ያምጣ» የሚለው ቃል ለአፍ ቀላል፣ ለጓዳ ግን ከባድ ነው። አቅም የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ሁለት መንገድ ብቻ የቀረው ይመስለዋል። አንደኛው መበደር ነው። ዶሮና ቅቤ በዱቤ ገዝቶ ያቀርባል፤ በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል፣ ዕዳው ግን እስከ መከር ይከተለዋል። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ነው። ሁለተኛው መንገድ መቅረት ነው። «አሞኛል»፣ «እንግዳ መጥቶብኛል» ይባልና በር ይዘጋል። ልጆቹም ከደጅ ሆነው የሌሎቹን ልጆች ጨዋታ ይሰማሉ።

የቀረ ሰው በሚቀጥለውም ጊዜ ይቀራል። ትናንት ያልበላበት ማዕድ ላይ ዛሬ መቀመጥ ያሳፍረዋል። ውሎ አድሮ ከምንጭ ጠረጋውም፣ ከስብሰባውም ይርቃል። እንግዲህ አንድ ወጥ ሳይዝ በመምጣቱ ያፈረ ሰው ከጉርብትና ወጣ ማለት ነው። ጉዳቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ ምንጩ ሲደፈን የሚቆፍር አንድ ጉልበት፣ ልጅ ሲታመም ደርሶ የሚሸከም አንድ ትከሻ ሁላችንም አጣን።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። ከማዕዱ ሁሉ ወጪው ትንሽ የሆነው ክፍል፣ ማለትም ማጣጣሚያው፣ የጋራ ሥራ ይሁን። አንድ ቤት ብቻውን አያዘጋጀው። እየተከፋፈለ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ይውጣ፤ ጓዳው ባዶ የሆነበት ደግሞ በእጁ ሥራ ይግባ። ያን ጊዜ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አይኖርም።

ማጣጣሚያ በእኛ ማዕድ የት ይቀመጣል?

ማጣጣሚያ ማለት ከዋናው ምግብ በኋላ አፍን የሚያጣፍጥ ነገር ነው። በአገራችን ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው። ከቡናው ጋር ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም አምባሻ ይቀርባል፤ የቡና ቁርስ እንለዋለን። ስለዚህ አዲስ ልማድ መፍጠር አያስፈልገንም። የቡና ቁርሱን ትንሽ ማጣፈጥ ይበቃል። ቡና የማይጠጡት ልጆችም አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለው ከመጠበቅ ይድናሉ።

ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ማጣፈጫ ማር ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ብዙ ማር የሚመረትባት አገር ናት። ስኳር በፋብሪካ መመረት የጀመረው በኋላ ነው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ ስኳር በየቤቱ ገብቷል፤ ሆኖም በገንዘብ ይገዛል። ስለሆነም ስንደግስ አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። ከጓዳ የሚወጣ አለ፤ ከኪስ የሚወጣ አለ። ስንዴ፣ ገብስና ስኳር ድንች ላመረተ ሰው ከጓዳ ይወጣሉ። ስኳርና ዘይት ከኪስ ይወጣሉ። ርካሽ ማጣጣሚያ ማለት ብዙውን ከጓዳ፣ ጥቂቱን ከኪስ ያደረገ ነው።

አስቀድሞ መቁጠር

ድግስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ባለመቁጠር ነው። ወይ ያንሳል፣ ወይ ተርፎ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው እንቁጠር። በእኛ ምሳሌ 20 ቤት አለ እንበል። ከየቤቱ 5 ሰው ቢመጣ፣ 20 ጊዜ 5 ማለት 100 ሰው ነው።

ቀጥሎ «ለአንድ ሰው ስንት?» ብለን እንጠይቅ። ለቡና ቁርስ የሚሆን ደረቅ ነገር ለአንድ ሰው 35 ግራም ያህል ይበቃዋል፤ ይህም አንድ ትንሽ እፍኝ ነው። ለመቶ ሰው 35 ጊዜ 100፣ ማለት 3,500 ግራም ወይም 3 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ይኸው ነው ስሌቱ።

ሚዛን የሌለው ሰው እንዴት ያድርግ? አንድ ጣሳ ይዞ ወደ ባለሱቅ ይሂድ። ግማሽ ኪሎ ስኳር አስመዝኖ ጣሳው ውስጥ ይጨምርና የደረሰበት ላይ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ዱቄት አስመዝኖ ሌላ ምልክት ያድርግ። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ቦታ አይውሉም፤ ምክንያቱም ስኳር ከዱቄት ይልቅ ክብደት አለው። ከዚያ በኋላ ጣሳው ራሱ ሚዛን ሆነ ማለት ነው።

አሁን አራት ዓይነት ማጣጣሚያ እንመልከት። ሁሉም የተመጠኑት ለመቶ ሰው ነው።

አንደኛ፦ ጣፋጭ ዳቦ ቆሎ

የሚያስፈልገው፦ የስንዴ ዱቄት 3 ኪሎ፣ ስኳር 300 ግራም፣ ዘይት 300 ሚሊ ሊትር፣ ጥቂት ጨው፣ ውኃ 1 ሊትር ያህል።

ዱቄቱ ይነፋ። ስኳሩና ጨው በለብ ያለ ውኃ ይሟሙ። ዘይቱ በዱቄቱ ላይ ፈስሶ በእጅ ይታሽ። ከዚያ ውኃው ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ጠንከር ያለ ሊጥ ይታሽ። ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውኃ በዝቶበታል። ለግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ። ቀጥሎ በገበታ ላይ እንደ ገመድ እየተንከባለለ ይቅጠንና በቢላዋ ሽምብራ እያከለ ይቆረጥ። በምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ወርቅማ መልክ እስኪይዝ ይቆላ። ስኳር ስላለበት ቶሎ ይጠቁራልና ማማሰያው ከእጅ አይለይ።

እዚህ ላይ ስለ ማገዶ ልብ እንበል። እንጀራ ወጥቶ ሲያበቃ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው። ዳቦ ቆሎውን በዚያው ምጣድ፣ ከዚያው እሳት ላይ ጥቂት እንጨት በመጨመር ብንቆላ ማገዶ እናተርፋለን። በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ይቆላ። ከዚያ በላይ ከሆነ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ያርራል። ሲቀዘቅዝ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት፣ ሥራ ጋብ ሲል ማዘጋጀት ይቻላል።

ሁለተኛ፦ የበሶ ጭብጦ በማር

የሚያስፈልገው፦ የበሶ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ማር ግማሽ ኪሎ፣ ዘይት 150 ሚሊ ሊትር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ጥቂት ጨው።

በሶ መንገደኛና ገበሬ የሚያውቀው ስንቅ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ ዱቄቱ እሳት አይፈልግም። ማሩ በአንድ ሊትር ውኃ ይበጥበጥ። ዘይቱና ጨው ከበሶው ጋር ይደባለቁ። ከዚያ የማሩ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ይታሽ። በጭብጥ ሲይዙት ሳይፈርስ የሚቆም ከሆነ በቅቶታል፤ ከፈረሰ ትንሽ ውኃ ይጨመር። ወደ 35 ግራም እየሆነ ተድቦልቡሎ 100 ጭብጦ ይወጣዋል።

የዚህ ጥቅሙ ማገዶ አለመፈለጉ ነው። ጉድለቱ ደግሞ እርጥበት ስላለው ብዙ አለመቆየቱ ነው። ስለዚህ በዚያው ዕለት ጧት ተሠርቶ በዚያው ዕለት ይበላ።

ሦስተኛ፦ ቅቅል ስኳር ድንች

የሚያስፈልገው፦ ስኳር ድንች 12 ኪሎ፣ ውኃና ጥቂት ጨው ብቻ።

ለአንድ ሰው 120 ግራም ይደርሰዋል። ይኸ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ስኳሩን ከመሬት ይዞት የመጣ ነው፤ ምንም አይጨመርበትም። በደንብ ይታጠብና ከነልጣጩ ይቀቀል፤ ወይም በረመጥ ይጠበስ። ረመጥ ላይ የበሰለው ይበልጥ ይጣፍጣል። ሲበስል ተልጦ፣ ተቆራርጦ ይቀርባል። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ዓይነት ሲገኝ እሱን እንምረጥ። ለዓይንና ለሰውነት ጤና የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው እሱ ነው። ነጩ ይህ ጥቅም የለውም ማለት ይቻላል። ስኳር ድንች በማይበቅልበት ቀዝቃዛ አገር ዱባ በዚሁ ዓይነት ተቀቅሎ ይቀርባል።

አራተኛ፦ የለውዝ ከረሜላ

የሚያስፈልገው፦ ለውዝ 1 ኪሎ፣ ስኳር 1 ኪሎ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ፣ ትሪ ለመቀባት ትንሽ ዘይት።

ለውዙ ይቆላና ቅርፊቱ በሰፌድ ይበጠር። ሥራውን ሁለት ጊዜ ከፍለን ብንሠራ ይሻላል፤ ከረሜላው ቶሎ ስለሚደርቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቁረጥ ያስቸግራል። ግማሽ ኪሎ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በድስት ይጣድ። የሎሚው ጠብታ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይሻክር ይረዳል። የማር መልክ ሲይዝ ግማሽ ኪሎው ለውዝ ይጨመርና በፍጥነት ተማስሎ ዘይት በተቀባ ባለአራት ማዕዘን ትሪ ላይ ይዘርጋ። ትኩስ ሳለ በአንዱ ወገን 4 ጊዜ፣ በሌላው ወገን 9 ጊዜ በቢላዋ ይቆረጥ። አራት ቁርጥ አምስት ረድፍ ይሰጣል፤ ዘጠኝ ቁርጥ አሥር ረድፍ ይሰጣል። 5 ጊዜ 10 ማለት 50 ቁራጭ ነው። ሁለተኛው ዙር ሲጨመር 100 ሆነ። ለውዝ በማይገኝበት አካባቢ በሰሊጥ መሥራት ይቻላል።

የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውኃ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ ይህ ሥራ የአዋቂ ብቻ ነው። በሚሠራበት ሰዓት ሕፃናት ከምድጃው ይራቁ።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እንደምር። የስንዴ ዱቄት 3 ኪሎ፣ በሶ 2 ኪሎ፣ ስኳር ድንች 12 ኪሎ፣ ለውዝ 1 ኪሎ፣ ስኳር 1 ኪሎ ከ300 ግራም፣ ማር ግማሽ ኪሎ፣ ዘይት ከትሪው መቀቢያ ጋር ግማሽ ሊትር። አንድ ቤት ብቻውን ይህን ያውጣ ቢባል ይከብደዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» ይባላል። እስቲ ለ20ው ቤት እናከፋፍለው።

ሦስት ቤት፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት።
ሁለት ቤት፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎ በሶ።
ስድስት ቤት፣ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ስኳር ድንች።
ሁለት ቤት፣ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ለውዝ።
ሁለት ቤት፣ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ስኳር።
አንድ ቤት 300 ግራም ስኳር።
አንድ ቤት ግማሽ ኪሎ ማር።
አንድ ቤት ግማሽ ሊትር ዘይት።

ይህ ሁሉ ሲደመር 18 ቤት ነው። ሁለት ቤት ቀረ። የቀሩት ሁለቱ ከጓዳም ከኪስም የማያወጡ ናቸው። አንደኛው ሊጡን አሽቶ፣ አንከባሎ ይቆርጣል። ሁለተኛው ምጣዱን ያውሳል፣ እሳቱን ይጠብቃል፣ ይቆላል።

እዚህ ላይ «እነዚህ ሁለቱማ ምንም አላመጡም» የሚል ካለ፣ እስቲ ራሱ ቁጭ ብሎ 3 ኪሎ ዱቄት ሽምብራ እያሳከለ ይቁረጥ! ከሰዓታት በኋላ ወገቡን ይዞ ሲነሣ መልሱን ያገኘዋል። ዳቦ ቆሎ ወጪው ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ከዱቄቱ ይልቅ እጁ ይከብራል። እርጅና የተጫናቸው እናት ውኃ መቅዳት ባይችሉ ተቀምጠው መቁረጥ ይችላሉ። እጃቸውን የታጠቡ ልጆችም ከጎናቸው ሆነው ያግዛሉ።

መዝገቡ እንዴት ይያዝ?

ማንበብና መጻፍ የሚያገለግለን እዚህ ላይ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር። በመጀመሪያው የነገሩ ዓይነት፣ በሁለተኛው ልኩ፣ በሦስተኛው የቤቱ ስም ይጻፍ። መዝገቡ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው ስኳር ድንች አምጥቶ ዘይት እንዳይጎድል ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ጉልበትን ከዱቄት እኩል ያስቆጥራል። «ሊጥ ማሸትና መቁረጥ፣ ግማሽ ቀን» ተብሎ በቀለም ሲጻፍ የቆጠራውን ያህል ይከብዳል።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ። መዝገቡ ሥራ ማቀናጃ እንጂ ሰው ማሳፈሪያ አይደለም። ማን ምን ያህል እንዳመጣ በአደባባይ አይነበብ። ድርሻ ሲከፋፈልም «አንተ ድኻ ስለሆንክ እንጨት አምጣ» አይባልም። መጀመሪያ የሥራውና የዕቃው ዝርዝር ይነበብ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የሚችለውን ራሱ ይምረጥ። ባለጸጋውም ቢሆን ማሸቱን ከመረጠ ያሽ። እንዲህ ሲሆን ማን አጥቶ፣ ማን ወዶ እንደመረጠ አይታወቅም። የተቸገረ ሰው ክብሩ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ለሁሉም የሚሆን ማዕድ

ያየናቸውን አራቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ አንዱም ውስጥ የለም። ስለዚህ በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ቢሆን ጾመኛ ክርስቲያን ይበላቸዋል። መጠጥም የለባቸውምና ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይበሏቸዋል። በሥጋ የሚለያየው ማዕድ በዚህ ይገናኛል። ማዕዱ በረመዳን ከዋለ ደግሞ ማጣጣሚያው ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢቆይ ሁሉም ይካፈላል። በተለይ ዳቦ ቆሎና ከረሜላ ቢቆዩ አይጎዱም።

ስለ ጤና

ጣፋጭ ሲበዛ ጥርስ ያበላሻል፣ ለውፍረትና ከእሱ ጋር ለሚመጡ በሽታዎችም ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በቀን ከሚመገበው ኃይል ውስጥ በምግብና በመጠጥ ከሚጨመር ስኳርና ከማር የሚያገኘው ከመቶ 10 እጅ በታች እንዲሆን መክሯል። ከመቶ 5 እጅ በታች ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል ብሏል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ያህል ነው።

እኛ የደገስነውስ? ከዳቦ ቆሎው ለአንድ ሰው 3 ግራም ስኳር፣ ከጭብጦው 5 ግራም ማር፣ ከከረሜላው 10 ግራም ስኳር ይደርሰዋል። በጠቅላላው 18 ግራም ነው። ቡናው ላይ የሚጨመረው ግን ገና አልተቆጠረም። 60 ሰው ሁለት ሁለት ሲኒ ቢጠጣ፣ በየሲኒው 8 ግራም ስኳር ቢጨምር፣ 60 ጊዜ 2 ጊዜ 8 ማለት 960 ግራም ነው። ወደ አንድ ኪሎ ተጠጋ! በዚያ ቀን ቡናውን ያለ ስኳር ብንጠጣ የከረሜላው ስኳር ያለ ተጨማሪ ወጪ ተገኘ ማለት ነው። አፍ ውስጥ ጣፋጭ ካለ ቡናው መራራ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይስማማል።

ከዚህ ሌላ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1. ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ አመንጭቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ጭብጦው ለጨቅላ አይቅመስ።

2. የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ለውዝ ተለቅሞ ይጣል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በመቁላት ጨርሶ አይጠፋም። «ቆልቼዋለሁና ምንም አይል» ማለት አይገባም።

3. ለትንንሽ ልጆች ደረቅ ለውዝና ከረሜላ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ለእነሱ ስኳር ድንቹ ይሻላል። ለውዝ የማይስማማው ሰው መኖሩም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ከረሜላውም ለብቻው በሌላ ሳህን ይቅረብ።

4. የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ያልጣፈጠ የሽምብራ ቆሎ ይዘጋጅለት። እሱም ከቡናው ጋር የሚይዘው ነገር ማጣት የለበትም።

5. እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሁሉም ነገር ከዝንብ ተከድኖ ይቀመጥ። በተለይ ጭብጦው በእጅ የሚድቦለቦልና ዳግመኛ እሳት የማያገኘው ስለሆነ ጥንቃቄው የበለጠ ይሁን።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮች! እንግዲህ ጣፋጭ የልጅ ነገር ብቻ አለመሆኑን አብረን አይተናል። ለመቶ ሰው የሚበቃ አራት ዓይነት ማጣጣሚያ ከአንድ ቤት አንድ ኪሎ፣ ከሌላው ሁለት ኪሎ፣ ከሌላው ግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ጠይቆ ተዘጋጅቷል። ለዚህ ሲባል የተሸጠ በግ የለም፤ የተገባ ዕዳም የለም።

ወጡን በተመለከተ የያዘ ያምጣ። ዶሮ ያለው ዶሮውን፣ ሽሮ ያለው ሽሮውን ያቅርብ፤ ማንም በዚያ አይመዘን። ማጣጣሚያው ላይ ግን ሁሉም ቤት እጁን ያግባ። ሰው የራሱ ድካም ያለበትን ማዕድ ሲቀርብ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ልጁም «ይህን እናቴ ናት የቆረጠችው» ብሎ ይቆነጥራል።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቤት በሩን ዘግቶ ስናይ «ለምን ቀሩ?» ብለን ከማማት በፊት መዝገቡን ገልጠን እንመልከት። ለዚያ ቤት የሚሆን መሥመር ክፍት ትተንለት ነበርን? ካልነበረ ስሕተቱ የእኛ ነው። ደብተሩንና እርሳሱን ይዘን በሩን እናንኳኳ፤ «የሚቆረጥ ሊጥ አለን፣ እጅ አንሶናል፣ ኑልን» እንበላቸው።



የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «ከጓዳ የሚወጣ» እና «ከኪስ የሚወጣ» ምን ልዩነት አላቸው? በእናንተ ቤት ከጓዳ የሚወጡትን ሦስት ነገሮች ጻፉ።

2. ዳቦ ቆሎው ለ50 ሰው ቢሆን ስንት ኪሎ ዱቄትና ስንት ግራም ስኳር ያስፈልጋል? ለ150 ሰውስ?

3. የሰፈራችሁ ቤቶች 30 ቢሆኑ 12ቱን ኪሎ ስኳር ድንች ለስንት ቤት ታከፋፍሉታላችሁ? ለአንድ ቤት ስንት ይደርሰዋል?

4. መዝገቡ በአደባባይ የማይነበበው ለምንድን ነው? እርስ በርሳችሁ ተወያዩ።